ተከታታይ ሽንፈት በቤቲንግ፣ በአቪዬተርና በኦንላይን ፖከር፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ፣ ሐረር ላይ ደግሞ ከሸዋ በር እስከ አራተኛ ሰፈር ድረስ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው የሚጠይቀው ብዙም አይለያይም። ድሬ ላይ ሽማግሌውም ልጁም አንተ ስለሚባል እኛም አንተ እያልን ጽፈናል። ኦድ ማለት ብታሸንፍ ያስያዝከው ብር የሚባዛበት ቁጥር ነው። ምሳሌዎቹ ላይ ያሉት ኦዶች ለሒሳብ እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው፤ የራስህን ቲኬት ኦዶች ተክተህ መሥራት ትችላለህ።

100 ቲኬት ቆርጬ አንዱም አልገባም። ዕድሌ ተዘግቷል?

አልተዘጋም፤ ቲኬቱ ከመጀመሪያውም እንደዚያ ነው። የተለመደውን እንውሰድ፦ 10 ጨዋታ፣ ሁሉም ኦዳቸው 1.50 የሆነ፣ "እነዚህማ አይሸነፉም" የሚባሉ ቡድኖች። ቲኬቱ የሚገባው 10ሩም ሲያሸንፉ ነው፤ ኦዶቹ ተባዝተው ጠቅላላ ኦዱ 57.67 ይመጣል። በ50 ብር ስትቆርጥ 2,883 ብር ያሳይሃል።

የቤቱ (የአወራራጁ ድርጅት) ድርሻ ሲነሳ እያንዳንዱ ቡድን የማሸነፍ ዕድሉ 62 በመቶ አካባቢ ነው። ለብቻው ሲታይ ጥሩ ይመስላል። 10ሩ አንድ ላይ የመግባታቸው ዕድል ግን ከ126 ቲኬት 1 ነው። በዚህ ስሌት እንዲህ ያለ ቲኬት 100 ጊዜ ከሚቆርጡ ሰዎች ውስጥ 45 በመቶ የሚሆኑት አንዴም አይቀናቸውም። አንተ ከእነሱ አንዱ ነህ እንጂ ማንም ድግምት አልሠራብህም።

100 ቲኬት በ50 ብር 5,000 ብር ነው። አንዴ የቀናው ሰው የሚቀበለው 2,883 ብር ነው፣ ያውም ግብር ሳይነሳለት። ጓደኞቹን ጋብዞ፣ ቲኬቱን ፎቶ አንስቶ ስቴተስ ላይ የለጠፈው ሰውዬ ራሱ ከ2,000 ብር በላይ ጎድሎበታል። ስቴተስ ላይ የሚለጠፈው ግን የገባው ብቻ ስለሆነ ከተማው ሁሉ እየበላ አንተ ብቻ የቀረህ ይመስልሃል።

ነጠላ ጨዋታ ብቻ ብቆርጥ እንዲህ ያለ ሽንፈት ይቀራል?

ይቀንሳል እንጂ አይቀርም። ዕድሉ ግማሽ በግማሽ በሆነ ውርርድ 1,000 ጊዜ ብትጫወት፣ መሐል ላይ ቢያንስ አንዴ 8 ጊዜ ተከታትለህ የመሸነፍህ ዕድል ከ80 በመቶ በላይ ነው። ስለዚህ 8 ተከታታይ ሽንፈት ሲመጣ "ምን ነካኝ" አያስብልም፤ ባይመጣ ነው የሚገርመው።

ቤቱ ትርፉን የሚወስደው ከየት ነው?

ከኦዱ ውስጥ። ይህን በስልክህ ካልኩሌተር በአንድ ደቂቃ ማየት ትችላለህ፦ 100ን ለእያንዳንዱ ኦድ አካፍልና ውጤቶቹን ደምር። ለምሳሌ የአንድ ጨዋታ ኦድ ለባለሜዳው 2.10፣ ለአቻ 3.20፣ ለእንግዳው 3.40 ቢሆን 47.6፣ 31.25 እና 29.4 ይወጣል። ድምሩ 108.3 ነው። ፍትሐዊ ቢሆን 100 መሆን ነበረበት። ከ100 በላይ ያለው የቤቱ ነው።

ከ2.5 ጎል በላይና በታች ሁለቱም 1.85 ተብለው ሲቀርቡም ድምሩ 108.1 ነው። ከምታስይዘው 100 ብር በአማካይ 92 ብር ከ50 ይመለሳል፤ 7 ብር ከ50 ቤቱ ጋ ይቀራል።

ዋናው ጉዳት ያለው ጨዋታ በደረደርክ ቁጥር ይህ ድርሻ በራሱ ላይ እየተባዛ መሄዱ ነው። አንድ ጨዋታ ላይ ከ100 ብር 92.50 የሚመለሰው፣ 5 ጨዋታ ላይ ወደ 68፣ 10 ጨዋታ ላይ ወደ 46 ብር ይወርዳል። የ10 ጨዋታ ቲኬት ስትቆርጥ የገንዘብህን ከግማሽ በላይ ፊሽካ ሳይነፋ ከፍለሃል። ረጅም ቲኬት ላይ ቦነስ የሚጨመረው ለምን እንደሆነም ከዚህ ይገባሃል።

ሁልጊዜ አንድ ጨዋታ ነው የሚያበላሽብኝ። እየተቃረብኩ ነው ማለት ነው?

በጣም የሚጠየቅ ነው፤ ብዙ ገንዘብ ያስጨረሰውም ይኸው ስሜት ነው። የዚያኑ የ10 ጨዋታ ቲኬት ሒሳብ እንመልከት። 10ሩም የመግባታቸው ዕድል ከ126 አንድ ነው ብለናል። በትክክል 9ኙ ገብተው አንዱ የመቅረቱ ዕድል ግን ከ20 ቲኬት 1 ነው። "አንድ ጨዋታ አበላሸብኝ" የምትልባቸው ቲኬቶች ከምታሸንፍባቸው 6 እጥፍ ይበልጣሉ። በዚህ ቲኬት ላይ ለዘላለም ብትጫወት እንኳ ይህ ንጽጽር አይለወጥም።

90ኛው ደቂቃ ላይ የተቆጠረ ጎል ያቃጥላል፤ አይካድም። ነገር ግን 9 የገባበት ቲኬትና 2 የገባበት ቲኬት ቤቱ ጋ ዋጋቸው እኩል ነው፣ ዜሮ። የሚቀጥለው ቲኬትህ ደግሞ ያለፈው በስንት እንደቀረ አያውቅም። በተለይ "በዚህ አንድ ቡድን ነው የተቃጠልኩት" ብለህ በማግሥቱ ያንን ቡድን ብቻ አውጥተህ በድርብ መደብ ስትደግመው ምንም ያረምከው ነገር የለም።

ካሽ አውት ባደርግስ?

ካሽ አውት ማለት ጨዋታዎቹ ሳያልቁ ቲኬቱን መልሰህ ለቤቱ መሸጥ ነው። የሚሰጥህ ዋጋ ቲኬቱ በዚያ ሰዓት ከሚገባው ያነሰ ነው፤ ቤቱ በመውጫውም ላይ ድርሻውን ይይዛል። ያስያዝከው ገንዘብ ከአቅምህ በላይ ሆኖ እንቅልፍ ከነሳህ ተቀብለህ ውጣ። ልማድ ካደረግከው ግን በአንድ ቲኬት ሁለት ጊዜ እየከፈልክ ነው።

በተሸነፍኩ ቁጥር መደቤን እጥፍ ባደርግ አንድ ቀን አያስመልስም?

በ20 ብር እንጀምር፦ 20፣ 40፣ 80፣ 160፣ 320፣ 640፣ 1,280፣ 2,560። 8 ጊዜ ከተሸነፍክ 5,100 ብር ወጥቷል፤ ዘጠነኛው መደብ 5,120 ብር ነው። ይህ ሁሉ የመጀመሪያዋን 20 ብር ለማትረፍ ነው። 8 ተከታታይ ሽንፈት ደግሞ ብርቅ እንዳልሆነ ከላይ አይተናል።

ሰው የማያስተውለው ሌላም ነገር አለ። እጥፍ ማድረግ የሚያስመልሰው ኦዱ ቢያንስ 2.00 ሲሆን ነው። በ1.85 እየቆረጥክ 3 ጊዜ ብትሸነፍ 140 ብር ወጥቷል። አራተኛው ላይ 160 ብር አስይዘህ ብታሸንፍ ትርፉ 136 ብር ነው። አሸንፈህም 4 ብር ይጎድልሃል! ዘጠነኛው ላይ ብታሸንፍ ደግሞ ጉድለቱ 748 ብር ነው።

አቪዬተር ላይ ለረጅም ጊዜ ትንንሽ ከወጣ በኋላ ትልቅ መውጣት የለበትም?

የለበትም። አቪዬተር ላይ አውሮፕላኗ ስትወጣ ማባዣ ቁጥሩ እያደገ ይሄዳል፤ በርራ ከመጥፋቷ በፊት ካልወጣህ ያስያዝከው ይበላል። አውሮፕላኗ ያለፈውን ዙር ግን አታስታውስም። የጨዋታው ተመላሽ 97 በመቶ ነው ተብሎ ነው የሚቀርበው። በዚህ ስሌት 2.00 የመድረስ ዕድሉ 48.5 በመቶ፣ 10.00 የመድረስ ዕድሉ 9.7 በመቶ ነው። 30 ዙር ሙሉ 10 ሳይደርስ ቢቀር፣ 31ኛው ላይ ያለው ዕድል ያው 9.7 በመቶ ነው። ከላይ የሚደረደሩት ያለፉ ዙሮች ቁጥሮች ለመጪው ዙር የሚነግሩህ ነገር የለም።

97 በመቶ ከቤቲንግ ይሻላል የሚል አለ። በአንድ ዙር ሲታይ እውነት ነው። ችግሩ ፍጥነቱ ላይ ነው። በ20 ብር፣ በሰዓት 120 ዙር ብትጫወት ያንቀሳቀስከው 2,400 ብር ነው፣ ቴሌብርህ ላይ የነበረው 300 ብር ቢሆንም እንኳ። የ2,400 ብር 3 በመቶ 72 ብር ነው። ይህ አማካዩ ነው። መሐል ላይ ያለው ከፍና ዝቅ ግን 300 ብሩን ከአንድ ሰዓት በፊት ሊጨርሰው ይችላል፤ እዚያ ላይ ነው "ሌላ 300 ላስገባ" የሚመጣው። ቅዳሜ አንድ ቲኬት ቆርጦ 2 ሰዓት ሙሉ የሚጠብቅ ሰው፣ ቢያንስ መሐል ላይ የሚያስብበት ጊዜ አለው።

በቴሌግራም ሲግናልና ፊክስድ ጨዋታ የሚሸጡትስ?

ሌቦች ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ 900 አባል ያለው ሰው ለ300ው "ባለሜዳው ያሸንፋል"፣ ለ300ው "አቻ"፣ ለቀሪው 300 "እንግዳው" ብሎ በግል ይልካል። ከሦስተኛው ጨዋታ በኋላ ሦስቴ ተከታትሎ ትክክል የተነገራቸው 33 ሰዎች ይቀራሉ። እነሱ ይህን ሰው ነቢይ ነው ብለው ይምላሉ፤ አራተኛውን በሺህ ብር የሚሸጥላቸውም ለእነሱ ነው። የሚያሳዩህ የገባ ቲኬት ፎቶ ደግሞ ተቀናብሮ የተሠራ ወይም ከብዙ ቲኬት ውስጥ የተመረጠ ነው። የአቪዬተር "ፕሬዲክተር" አፕ ብለው የሚልኩልህን ፋይል ስልክህ ላይ አትጫን፤ የባንክ አፕህና የሚስጥር ቁጥርህ ያሉት እዚያው ስልክ ላይ ነው።

ክፉኛ ተሸንፌ ከተነሳሁ በኋላ ምን ላድርግ?

ከሁሉም ጥያቄዎች በተግባር የሚጠቅመው ይህ ነው። ተከታታይ ሽንፈት በራሱ የሚወስደው ገንዘብ ውስን ነው፤ ቤት የሚያፈርሰው ከሽንፈቱ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ሰዓቶች ለማስመለስ የሚደረገው ነው። ነገሩ ሲበላሽ የሚሄድበት መንገድም ይታወቃል፦ መጀመሪያ መደቡ ያድጋል። ከዚያ ኳሱ ስለሚዘገይ ወደ ቨርቹዋል (ኮምፒውተር ወደሚፈጥረው ጨዋታ) ወይም ወደ አቪዬተር ይኬዳል። የቻምፒየንስ ሊጉ ጨዋታ በእኛ ሰዓት ሌሊት 6 ወይም 7 ሰዓት ገደማ ሲያልቅ፣ ስሙን እንኳ በቅጡ በማይጠሩት የሩቅ አገር ሊግ ላይ ቲኬት ይቆረጣል። መጨረሻ ላይ ብድር ይመጣል።

ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ ለመቁረጥ እንዲህ አድርግ። ከቤቲንግ ቤቱ ወይም ከዲኤስቲቪ ቤቱ ውጣ፤ ሌላው እየቆረጠ አንተ ተቀምጠህ የምትታገስበት ምክንያት የለም። ወደ ከዚራ ዛፎች ሂድ፣ ቀፊራ ገበያ ግባ፣ የትም ይሁን፤ ዋናው ስክሪን የሌለበት መሆኑ ነው።

ቀጥሎ ቴሌብርህ ላይ የቀረውን ገንዘብ ወዲያው ሥራ ላይ አውለው። የቤት ኪራይ ካለብህ ለአከራይህ ላክ፣ የመብራት ካርድ ሙላ፣ ዘይትና ዱቄት ግዛ፣ የባጃጁን ገቢ ለባለቤቱ በዚያው ምሽት አስገባ። "ላስቀምጠው" አትበል፤ የተቀመጠ ገንዘብ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ይገኛል፣ የተከፈለ ኪራይ ግን አይገኝም። ምንም የሚከፈል ከሌለህ ሞባይል ባንኪንግ ወደሌለው የባንክ ደብተርህ አዙረው።

ከዚያ ሁለት ሌሊት ሳታድር አካውንቱ ላይ ገንዘብ አታስገባ። አንድ ሌሊት አይበቃም፤ በማግሥቱ ጠዋት ንዴቱ ቢበርድም ማስመለሱ ገና ትዝ ይልሃል። የቤቲንጉን ቴሌግራም ቻናልና ማሳወቂያዎች በእነዚህ ሁለት ቀናት ድምፃቸውን አጥፋ። ስልኩን ሌሊት ከአልጋህ ርቆ ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ሰካው።

ለአንድ ሰው የተሸነፍከውን ቁጥር በትክክል ንገር። "ትንሽ ተበላሁ" ሳይሆን "1,850 ብር"። ቁጥሩ ከአፍ ከወጣ በኋላ ለማስመለስ መደበቅ ይከብዳል።

የምጫወተው በርጫ ላይ ነው። ለውጥ አለው?

አለው፣ ብዙ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው። ምርቃናው ቃሚያ ከተጀመረ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ገደማ ውስጥ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ሐሳብ ይሰፋል፣ ንግግር ይጣፍጣል፣ ሰው በራሱ ላይ ያለው እምነት ከፍ ይላል። ለጨዋታ ወግ ግሩም ነው። ለመደብ ግን መጥፎ ሰዓት ነው፤ ጠዋት 3 ጨዋታ ብቻ ልቆርጥ ያሰበው ሰው በምርቃና 12 ጨዋታ ደርድሮ ሁሉንም በምክንያት ያስረዳሃል።

ሰዓቱም ይገጥማል። ቅዳሜ የመጀመሪያው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በእኛ ሰዓት 8:30 ወይም 9:30 ላይ ይጀምራል፤ ቀጣዮቹ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ። ይህ ልክ የበርጫው ሰዓት ነው። ምርቃናው ሲወርድ ድብርቱና ሽንፈቱ አብረው ይመጣሉ። በዚያ ላይ ጨብሲ ከተጨመረ የቀረውን ጥንቃቄ መጠጡ ይወስደዋል፤ እንቅልፍ ደግሞ የለም፣ ስልኩ ግን እጅ ላይ ነው።

ቲኬትህን ጠዋት፣ ቃሚያ ሳይጀመር ቁረጥና ዝጋ። ወደ በርጫ ስትገባ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቀውን የሞባይል ገንዘብ ሲም ያለበትን ስልክ ቤት ተው፣ ወይም በዕለቱ ሒሳቡ ላይ ምንም አታስቀምጥ። በርጫ ላይ ላይቭ (ጨዋታው እየተካሄደ) አትጫወት። ይህን ሕግ በሁለት ሳምንት መሞከር ይቻላል፦ ማስታወሻህ ላይ እያንዳንዱን ቲኬት "ከቃሚያ በፊት" ወይም "በኋላ" ብለህ መዝግብና የመደቡን መጠን ብቻ አወዳድር። ውጤቱን ተው፣ መደቡን ተመልከት።

ማቆም አልፈልግም። በልክ እንዴት ልጫወት?

ይቻላል፤ ግን ልኩ አስቀድሞ በቁጥር ካልተቀመጠ ልክ አይደለም። ኪራይ፣ ምግብ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና እቁብ ከተነሳ በኋላ የቀረውን እይ። ከዚያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ማንም ቤት ውስጥ የማይሰማውን ያህል ብቻ ለወሩ መድብ። 500 ብር ከሆነ በ20 ብር 25 ቲኬት ነው። ብታሸንፍም ብትሸነፍም 20ዋ 20 ሆና ትቀጥል። አንድ ቲኬት ላይ ከ3 ጨዋታ አታስበልጥ።

መዝገቡ ላይ አትሸውድ። ቴሌብር የግብይት ታሪክህን ያሳያል፤ የወጣውንና የገባውን ለየብቻ ደምር። ሰው የገባለትን በደንብ ያስታውሳል፣ የወጣውን ግን በ30ና በ50 ብር ስለሚወጣ ይረሳል። ቦነስ ስትቀበል ደግሞ "ስንት ጊዜ ማዞር አለብኝ፣ በስንት ኦድ?" ብለህ አንብብ፤ 5 ጊዜ የሚዞር የ200 ብር ቦነስ ገንዘቡን ለማውጣት 1,000 ብር ማስያዝ ይጠይቃል።

ስሸነፍ የከረምኩት ከግብር ይነሳልኛል?

አይነሳም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በዕድል ጨዋታ ከሚገኝ ገቢ ላይ ግብር የጣለው በጠቅላላ ያሸነፍከው ላይ ነው፤ ኪሳራን ሳይቀንስ። ለአንዷ የገባች ቲኬት ግብር ትከፍላለህ፣ ለ99ኙ ያልገቡ ማንም ምንም አይመልስልህም።

ኦንላይን ፖከርስ? እሱ ችሎታ ነው ይባላል።

ግማሹ እውነት ነው። ፖከር ላይ የምትጫወተው ከቤቱ ጋር ሳይሆን ከሌሎች ሰዎች ጋር ነው፤ ቤቱ ከየድስቱ (መሐል ላይ ከተሰበሰበው መደብ) ድርሻውን ይወስዳል፣ ብዙ ቦታ 5 በመቶ አካባቢ። ከጠረጴዛው የተሻለ የሚጫወት ሰው በረጅሙ ሊያተርፍ ይችላል። ችግሩ "ረጅሙ" ከምታስበው በላይ መርዘሙ ነው።

በቴክሳስ ሆልደም (በብዛት በሚጫወቱት የፖከር ዓይነት) ከ100 እጅ፣ ማለትም ከ100 ዙር፣ በአማካይ 5 ቢግ ብላይንድ (የጠረጴዛው ትልቁ የግዴታ መነሻ መደብ) የሚያተርፍ ሰው ጎበዝ የሚባል ነው። በ100 እጅ ያለው ከፍና ዝቅ ግን 90 ቢግ ብላይንድ ገደማ ነው። ይህ ጎበዝ ሰው 10,000 እጅ ተጫውቶ ኪሳራ ላይ የመገኘቱ ዕድል 29 በመቶ ገደማ ነው። 100,000 እጅ ከተጫወተ በኋላም 4 በመቶ ዕድል አለ። ሁለት ኤስ ይዘህ ከሁለት ንጉሥ ጋር ካርታ ሳይገለጥ ሁሉንም ብትገፋ ከ100 ጊዜ 18 ጊዜ ትሸነፋለህ፤ ያ በትክክል ተጫውተህ ነው።

ስለዚህ ፖከር ላይ ተከታታይ ሽንፈት ሲመጣ ጥያቄው "መጥፎ ዕድል ነው ወይስ መጥፎ ጨዋታ?" ነው። ለመለየት በትልቁ የተሸነፍክባቸውን 20 እጆች ከታሪክህ አውጣ። ገንዘቡ ሁሉ ሲገባ ዕድሉ ከአንተ ጋር ከነበረ፣ ካርታው ነው። ከ20ው ብዙዎቹ ላይ በደካማ እጅ ለማየት ብቻ የከፈልክ ከሆነ፣ ወይም አብዛኞቹ የሆኑት ከሌላ ሽንፈት በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሆነ፣ አንተ ነህ። ተጫዋቾች ቲልት የሚሉት ይህን ነው፤ የተናደደ ሰው መጣል ያለበትን እጅ አይጥልም።

ካፒታልህ ለምትጫወትበት ጠረጴዛ ቢያንስ 30 መግቢያ ይሁን፤ መግቢያ ማለት 100 ቢግ ብላይንድ ነው። ወደ 20 ሲወርድ አንድ ደረጃ ዝቅ በል። በአንድ ጊዜ ቁጭ ብለህ ስትጫወት 3 መግቢያ ከተወሰደብህ ዝጋ። ደረጃ ዝቅ ማለት የሚያሳፍረው ሰው ብዙ ነው፤ ለመክሰር የሚያበቃውም እሱ ነው። ቺፕ በወኪል በኩል በሚገዛባቸው የክለብ አፖች ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ፦ ወኪሉ ስልኩን ከዘጋ ያሸነፍከውን የምትጠይቀው ማንም የለም።

በቤቲንግ፣ በአቪዬተርና በኬኖ ላይ ይህ ሁሉ አይሠራም። ካፒታል ማስተዳደር ጠቃሚ የሚሆነው በረጅሙ የምታተርፍበት ጨዋታ ላይ ነው፤ ሌላው ላይ የሚያደርገው ገንዘቡ የሚያልቅበትን ቀን ማራዘም ብቻ ነው።

የእቁብ ገንዘብ አስይዤ ተበላሁ። ከየት ልጀምር?

ከማስመለስ ሐሳብ ውጣና ወረቀት ላይ ጻፍ፦ ለማን፣ ስንት፣ መቼ። ቅድሚያ የሚሰጠው የሰው አደራ ለሆነው ነው፤ እቁብ፣ የባጃጅ ገቢ፣ የሱቅ ሒሳብ። የእቁቡን ዳኛ ከዕጣው ቀን በፊት አግኘው። ዕጣህ ገና ካልወጣ ከእሱ ላይ እንዲቻቻል ወይም ለሌላ አባል እንዲዛወር መነጋገር ይቻላል። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚነገር ግን ስርቆት ይመስላል። ቀጥሎ ምግብና ኪራይ፤ ከዚያ ክፍያው እየጨመረ የሚሄደው የቴሌብር የመላና የእንደኪሴ ብድር፤ መጨረሻ ላይ የሚታገሱ ጓደኞች።

አራጣ አትበደር። በወር 10 በመቶ ማለት በዓመት 120 በመቶ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለገንዘብ ብድር የፈቀደው ከፍተኛ ወለድ በዓመት 12 በመቶ ነው፤ አራጣ ማበደርም በወንጀል ያስጠይቃል። ባዶ ቼክ ወይም ያልተሞላ ወረቀት ላይ አትፈርም።

ባለቤቴ ዕዳ ውስጥ ገብቷል። ወርቄን ሸጬ ልክፈልለት?

መጀመሪያ ሙሉ ዝርዝሩን ተቀበዪ፤ ከቴሌብሩና ከባንኩ የወጣ የግብይት ታሪክ ጋር። እንዲህ ያለ ዕዳ ሲነገር መጀመሪያ የሚወጣው ቁጥር ብዙ ጊዜ ግማሹ ነው። ለመክፈል ከወሰንሽ ጥሬ ገንዘብ እጁ ላይ አትስጪ፤ ለአበዳሪው ራስሽ ክፈዪና ደረሰኝ ያዢ። ክፍያው አንዴ መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ ደሞዙ ወይም ገቢው በአንቺ በኩል እንደሚያልፍ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ያለዚህ የተከፈለ ዕዳ አዲስ መደብ ነው።

ንግግሩ ጠዋት ይሁን፤ ከሽንፈት በኋላ በዚያው ምሽት ወይም በምርቃና ላይ አይሁን። የቤት ዕቃ፣ ወርቅና የቤት ካርታ ከእጁ ራቅ ያለ ቦታ፣ ለምሳሌ እናትሽ ጋ፣ ይቀመጥ።

ሱስ መሆኑን በምን አውቃለሁ? የትስ ይታከማል?

የዓለም ጤና ድርጅት የቁማር ሱስን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አካቶታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመዘኛ ደግሞ 9 ምልክቶች አሉት፦ ለተመሳሳይ ስሜት መደብ እየጨመሩ መሄድ፣ ለማቆም ሲሞከር መቁነጥነጥ፣ ለማቆም ሞክሮ አለመቻል፣ ሐሳብ ሁሉ እዚያ መሆን፣ ሲጨንቅ መጫወት፣ የተበላውን ለማስመለስ መመለስ፣ መዋሸት፣ ሥራ ወይም ትዳር ማጣት፣ ዕዳን ሌላ ሰው እንዲከፍል መጠየቅ። በ12 ወር ውስጥ 4ቱ ከተገኙ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራ፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጠይቅ። "ቁማር ማቆም አቃተኝ" ማለት ይበቃል። ለፓርኪንሰን የሚሰጡ እንደ ፕራሚፔክሶል ያሉ መድኃኒቶች ከዚህ በፊት ቁማር ነክቶ የማያውቅን ሰው ወደ ቁማር ሊገፉ ስለሚችሉ፣ የምትወስደው መድኃኒት ካለ ይዘህ ሂድ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ብቻህን አትሁን፤ የምታምነውን ሰው ይዘህ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግባ። ዕዳ ተከፍሎ የሚያልቅበት መንገድ አለው።

አካውንቴን እንዴት ልዝጋ?

አፑን መሰረዝ አካውንቱን አይዘጋውም። መጀመሪያ የቀረውን ገንዘብ አውጣ። ከዚያ በድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት በኩል በጽሑፍ "አካውንቴ በቋሚነት ይዘጋ፣ በዚህ ስልክ ቁጥር እንደገና እንዳይከፈት" ብለህ ላክ፤ መልሱን ስክሪንሾት አድርገህ ያዝ። "ለጊዜው እናግደው?" ካሉህ ቋሚውን ደግመህ ጠይቅ። አጭር የጽሑፍ መልእክቶቻቸውንም እንዲያቆሙ በዚያው መልእክት ጨምርበት፤ ካልሆነ የነፃ ቲኬት ስጦታ አርብ ማታ መምጣቱ አይቀርም። በየድርጅቱ አካውንት ካለህ ሁሉንም በአንድ ቀን ዝጋ። በወንድምህ ወይም በጓደኛህ ሲም የከፈትከው ካለ እሱንም ቁጠረው፤ አብዛኛው ሰው የሚመለሰው በዚያች በረሳት አካውንት ነው።